ወርቁ ከመቅለጡ በፊት ይጠየቅ

«ወርቅ የያዘ ቀበዝባዛ፣ እህል የያዘ ፈዛዛ» ይላል ያገራችን ሰው። የወርቅ ገበያችንም ከዚህ አይርቅም። በሻኪሶ ወይም በአሶሳ አካባቢ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የወጣው ወርቅ በነጋዴ እጅ ያልፋል፣ ይቀልጣል፣ ይመዘናል፣ ሂሳቡ ይከፈላል። ሁሉም ይቸኩላል። በዚህ ጥድፊያ መሀል ግን አንድ ሀብት ሳይሸጥ ሳይለወጥ እሳት ይበላዋል። ሀብቱ መረጃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንዝ ወርቅ ፍሬ የትውልድ ቦታውን ምልክት ይዞ ይዞራል። ከእናት አለቱ ገና የተላቀቀ ፍሬ ሸካራና ጥርሳም ነው፤ አንዳንዴም የኳርትዝ ስባሪ ይጣበቅበታል። ጎርፍ ባንከባለለውና ጠጠር በቀጠቀጠው መጠን ጠርዙ ይለዝባል፣ ይታጠፋል፣ ይጠፈጠፋል። ስለዚህ ቅርጹ ከአለቱ መራቁን ወይም መቅረቡን ይጠቁማል።

ኬሚስትሪው ደግሞ የበለጠ ይናገራል። የተፈጥሮ ወርቅ ብር አለበት፤ አንዳንዱም መዳብ ወይም ሜርኩሪ ይገኝበታል። ፍሬው በወንዝ ሲቆይ ላዩ ላይ ያለው ብር እየቀነሰ ቀጭን፣ የጠራ ወርቅ ቅርፊት ያበጃል። ውስጡ ግን በአብዛኛው እንደ ጥንቱ ይቆያል። ፍሬውን ቆርጦ በኤሌክትሮን ጨረር መሣሪያ የመረመረ ባለሙያ የብሩን መጠን ያነባል፤ በውስጡ የታሰሩትንም ጥቃቅን ማዕድናት ያያል። እነዚህ ሲገጣጠሙ ወርቁ ከምን ዓይነት ክምችት እንደ መጣ ፍንጭ ይሰጣሉ። ወርቁ ከቀለጠ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ለገበያ ምን ይረባል? በአዶላ ወርቅ ከአሸዋ መታጠብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። የለገደምቢ የአለት ወርቅ ወደ ምርት የገባው ግን በ1990 ገደማ ሲሆን፣ ማዕድኑ በ1997 ለሚድሮክ የተሸጠው በ172 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከአሸዋው ወደ አለቱ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ይህን ጉዞ የሚያሳጥር ፍንጭ ዋጋ አለው።

ወጪውን እናስላ። ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ፍሬ ቢበዛ 1.3 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። መቶው ቢሰበሰብ ከ0.13 ግራም አይበልጥም። የላቦራቶሪው ሂሳብ ሲጨመርም ቢሆን፣ በጭፍን ጉድጓድ ከመቆፈር ይረክሳል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? አጣቢው ወንዙን በትክክል ቢናገር ነገ ኩባንያ መጥቶ ያስነሣኛል ብሎ ይፈራል። ነጋዴውም ምንጩን ማውጣት አይፈልግም። ጥቅሙ ለአገር፣ ጉዳቱ ለተናጋሪው በሆነበት ገበያ ዝም ማለት ሞኝነት አይደለም።

ስለዚህ መረጃውም እንደ ወርቁ ይገዛ። የግዢ ማዕከላት ካልቀለጠው ጥቂት ፍሬ ከወንዙ ስም ጋር ከፍ ባለ ዋጋ ይግዙ፤ ለአገሪቱ የጂኦሎጂ ተቋምም ያስረክቡ። ፍንጩ ወደ ክምችት ካደረሰ አጣቢዎቹ ድርሻ እንደሚኖራቸው በሕግ ይጻፍላቸው። ቅርጽ ብቻውን ያሳስታል፤ ጎርፍ የቆየ ደለልን ደጋግሞ ያግዛልና። ሆኖም በርካታ ፍሬዎች ከብዙ ወንዞች ቢመረመሩ ካርታ ይወጣቸዋል። የቀለጠ ወርቅ ግን ዋጋውን እንጂ አገሩን አይናገርም።