ስለ ቦምቧ አይወራ፣ ስለ እናቷ አይጠየቅ!

ኢስታንቡል ካሏት ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ የሚጠራው በሴት ስም ነው፤ ሳቢሃ ጎክቼን። ስሙ በትኬትና በሻንጣ ላይ ሲጻፍ ይውላል። ሴትየዋ ማን ነበረች ብሎ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው? እኔ ልጠይቅ። ይኸው ጥያቄ አንድ ባልደረባችንን ምን ላይ እንደጣለው ደግሞ አብረን እናያለን።

ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። ሳቢሃ በ1913 ቡርሳ ከተማ ተወለደች ይላል ይፋዊው ታሪኳ። ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣችውን ይህችን ልጅ በ1925 የሪፐብሊኩ መሥራች አታቱርክ በማደጎ ወሰዷት። በ1934 ከሰማይ ጋር የተያያዘውን «ጎክቼን» የሚለውን ስም አወጡላት፤ ያኔ ገና አውሮፕላን አልነካችም። በዓመቱ በረራ ጀመረች። ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልካ ሞተር አልባ አውሮፕላን ማብረር ተማረች። ቀጥላም ሴት በማይገባበት በኤስኪሼሂር ወታደራዊ የበረራ ትምህርት ቤት ገብታ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆነች። ብዙዎች ከዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ተዋጊ ፓይለት ይሏታል። በ1938 የባልካን አገሮችን በአውሮፕላን ዞረች፤ ከዚያም ለዓመታት ወጣቶችን በረራ ስታስተምር ኖረች። ይሄ ጀግንነት ነው፤ ማንም አይነጥቃትም።

መቼም ታሪክ ግማሹ ብቻ አይነገርም። በ1937 የቱርክ መንግሥት ኩርዶችና አሌቪዎች በሚኖሩበት በደርሲም ላይ ጦር አዘመተ። ሳቢሃም ከዘማቾቹ አንዷ ነበረች፤ ከላይ ሆና ቦምብ ጣለች፤ ለዚሁም ሜዳሊያ ተሸለመች። ከታች የነበረውስ ሰው? ኤርዶጋን ራሳቸው በ2011 ስለ ደርሲም ይቅርታ ሲጠይቁ ከመንግሥት ሰነድ የጠቀሱት ቁጥር 13,806 ሙታን የሚል ነው። የሞተውን ከዚያ በላይ የሚያደርጉትም ሞልተዋል።

«ወታደር ነበረች፣ ታዘዘች፣ ፈጸመች» የሚሉ አሉ። ይሁን! የሃያ አራት ዓመቷን ልጅ ፍርድ ቤት እናቁማት ያለ የለም። ግን የተሸለመችበትን ሥራ ሸፍኖ ሜዳሊያውን ብቻ ማሳየት ምን ይሉታል?

ሳቢሃ በ2001 ሞተች። በየካቲት 2004 አጎስ የተባለው የኢስታንቡል ሳምንታዊ ጋዜጣ አንድ ዘገባ አወጣ። ሳቢሃ የአርመን ወላጅ አልባ ልጅ ነበረች የሚል፣ ዘመድ ነኝ ካለች ሴት የተገኘ ቃል ነው። ሌላዋ የአታቱርክ የማደጎ ልጅ ሐሰት ነው ብላለች፤ ነገሩ እስካሁን እንዳከራከረ አለ። ጋዜጣ ያደረገው የጋዜጣን ሥራ ነው፤ ሰማ፣ ጻፈ።

ወይ ጉድ! የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ መግለጫ አወጣ፤ እንዲህ ያለችን አርማ ለክርክር ማቅረብ በአገር አንድነት ላይ የተቃጣ ወንጀል አደረገው። አያችሁልኝ? የደርሲም ቦምብ ያላስቆጣው መሥሪያ ቤት «እናቷ ማን ነበረች?» ሲባል ተቆጣ። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ህራንት ዲንክ ወደ ኢስታንቡል አስተዳዳሪ ቢሮ ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በሌላ ጽሑፉ ደግሞ «ቱርክነትን ሰድቧል» ተብሎ ተከሰሰ፤ በ2005 ተፈረደበት። መከራው ከሳቢሃ ዘገባ እንደጀመረ በመጨረሻ ጽሑፎቹ ራሱ ተናግሯል። ጥር 19 ቀን 2007 በጋዜጣው ቢሮ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። የተኮሰው የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በ2010 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የቱርክ መንግሥት የሰውየውን ሕይወት መጠበቅ ሲገባው አልጠበቀም ሲል ፈረደ።

እኛ በሳምንታዊ ጋዜጣ እየጻፍን እንጀራ የምንበላ ሰዎች ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልናልፈው አንችልም። ጥይቱን የተኮሰው ልጅ ነው፤ ዲንክን በጠላትነት ፈርጆ ለልጁ ያሳየው ግን ጥያቄን ወንጀል ያደረገው ባለሥልጣን ነው። ጀግናን የማይጠየቅ ታቦት ያደረገ መንግሥት ጠያቂውን ለገዳይ አሳልፎ ይሰጣል።

የሳቢሃ ስም ከማረፊያው ይፋቅ አልልም። ይልቅስ ተሳፋሪው እዚያው ግድግዳ ላይ ሁሉንም ያንብብ፦ በረራዋን፣ ደርሲምን፣ ስለ ልደቷ የተነሳውን ክርክር፣ ጠይቆ የተገደለውንም ጋዜጠኛ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የሚያጠራው ግን ሰው ነው፤ ሰውየውን አትግደሉት።