የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዓምድ፦ «የማይቻል» ሁሉ አንድ አይደለም

በዚህ እትም «አንቤረብል» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ቅጽል እንመለከታለን። ትርጉሙ ሊሸከሙት ወይም ሊታገሡት የማይቻል ማለት ነው።

ቃሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። «አን» አፍራሽ ነው፤ «ቤር» መሸከም ነው፤ መጨረሻው ደግሞ መቻልን ያመለክታል። «ቤር» ልጅ መውለድንም ይጨምራል፤ «ተወለደ» ለማለት የሚያገለግለው «ቦርን» የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ድብ ከተባለው አውሬ ስም ጋር ግን በድምፅና በፊደል ይመሳሰላል እንጂ በትርጉም አይገናኝም።

ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስተው የራሳችን አማርኛ ነው። «መቻል» ስንል አንዳንዴ ማድረግን፣ አንዳንዴ መታገሥን ማለታችን ነው። ስለዚህ «ሕመሙ አልቻል አለኝ» ለማለት «ኢምፖሲብል» የሚሉ አሉ። «ኢምፖሲብል» ከቶ ሊሆን የማይችል ነው። ሕመሙ ግን አለ፤ ያቃተው መታገሡ ነው። ሐኪም ፊት «ዘ ፔይን ኢዝ አንቤረብል» የሚል በሽተኛ ሕመሙ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ይናገራል። ለቀላል ራስ ምታት አይባልም፤ ብርቱ ሆኖ ለሚቻል ሕመም «ሲቪር» ይበቃል። ቃሉን በየምክንያቱ የሚጠራ ሰው በጨነቀው ቀን የሚያምነው ያጣል።

ሁለት የቅርብ ዘመዶችም አሉት። «ኢንቶለረብል» በተለይ ዝም ብለው ሊቀበሉት ለማይገባ ነገር ይነገራል። በ1774 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ የቦስተንን ወደብ የዘጋበትና ሌሎችም የቅጣት ሕጎች በአሜሪካ የታሪክ መጻሕፍት በዚህ ቅጽል ይጠራሉ። «ኢንሳፈረብል» ደግሞ በአብዛኛው ለትዕቢተኛና ለጉረኛ ሰው ጠባይ ይውላል።

ወጣቶች ሆይ! «ዩ አር አንቤረብል» ሰውየውን ራሱን መስደብ ነው። እህት ወይም ወንድም ቢረብሻችሁ «አይ ካንት ቤር ዘ ኖይዝ» ማለት ይሻላል፤ ጥላቻው ከጫጫታው ጋር ይሆናል፣ ከሰውየው ጋር አይሆንም።

መልመጃ፦ ለሚከተሉት ከሦስቱ ቅጽሎች ተስማሚውን ምረጡ።
1. የአፋር በረሃ ሙቀት
2. የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል
3. ስለራሱ ብቻ የሚያወራ ጓደኛ

መልሱ በተራ ቁጥራቸው፦ አንቤረብል፣ ኢንቶለረብል፣ ኢንሳፈረብል። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።