የማንኪራ ቡናና የነቢያት «ዘር»

«የተናገረው ደርሷል፤ ስለዚህ ከእግዚአብሔር ነው» የሚለው ክርክር በየጉባኤው ሲነገር እሰማለሁ፡፡ ይህን በር ግን ኦሪት ዘዳግም በ13ኛው ምዕራፉ አስቀድሞ ዘግቶታል፡፡ ነቢዩ የሰጠው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ሕዝቡን ወደ ሌሎች አማልክት የሚጠራ ከሆነ እንዳይሰሙት ያዝዛል፡፡ የምልክት መፈጸም ብቻውን ማኅተም አይሆንም ማለት ነው፡፡ ታዲያ ማኅተሙ ምንድን ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ከመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት የተላለፈ አንድ መመዘኛ አለ፤ የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም፣ እጅግ ይማርከኛል፡፡ ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የሐዋርያት ትምህርት፣ በመንፈስ እናገራለሁ እያለ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቀውን ነቢይ እንዳንሰማው ይመክራል፤ ለችግረኞች ከለመነ ግን ማንም እንዳይፈርድበት፡፡ የግሪክኛው ሙሉ ቅጂ በቁስጥንጥንያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፡፡ ስለ ነቢያት የሚናገረው ይህ ክፍል ግን በግዕዙ ሲኖዶስ ውስጥ ቀድሞም ነበረ፡፡ ከቤታችን ያለ ሚዛን ነው፡፡

ባለፈው የቡና ወቅት ከማንኪራ የመጡ አንዲት እናት በመስኮቴ ፊት ቆመው ያጠራቀሙትን በሙሉ ሊያወጡ ጠየቁኝ፡፡ «ልጄ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ዛሬ ሳይመሽ ዘሬን ካልዘራሁ የበረከቱ በር ይዘጋል ተብያለሁ» አሉ፡፡ «ዘር» ያሉት ገንዘቡን ነበር፡፡ ገንዘቡ የእርሳቸው ነውና ቆጥሬ ሰጠኋቸው፡፡ የቆረቆረኝ ቀጠሮው ነው፡፡ ማንኪራ እናት ቡና የሚታይባት አገር ናት፤ ችግኝ ተክሎ ሦስትና አራት ዓመት ፍሬ መጠበቅን ከእኚያ እናት በላይ ማን ያውቃል? ጌታ ሐሰተኞችን ነቢያት ከፍሬያቸው እንድንለይ ሲያስተምር ጊዜ የሚፈልግ መለኪያ መስጠቱ ነበር፡፡ የሚያጣድፍ ነቢይ የሚሸሸውም ይህንኑ ጊዜ ነው፡፡

በከፋ፣ ኤቆ የተባለው መንፈስ ያደረበትን አላሞ ስለ ሕመማቸውና ስለ መከራቸው ሊጠይቁ ስጦታ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፡፡ ሰባኪዎቻችን ይህን ሲነቅፉ ኖረዋል፡፡ ያው ልማድ ሱፍ ለብሶ፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ሲመጣ ግን ስሙ እምነት ይባላል!

ምልክት ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፡፡ በእንጦጦ ጠበል አንዳንድ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲተዉ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበው ነበር፡፡ ጠበሉ በዚህ አልተዋረደም፤ ሕሙማኑም መዳንን ከመጠበቅ አልቦዘኑም፡፡ ማንም ግን ክኒኑን በመዋጡ እምነት የጎደለው ተብሎ ሊነቀፍ የሚችልበት ምክንያት አልቀረም፡፡

ያን የሲኖዶስ ክፍል ካህናቱ በዐውደ ምሕረት፣ ፓስተሮቹም በመድረካቸው ቢያነቡልን እመኛለሁ፤ በተለይ ቡና በሚሸጥበት ወራት፡፡