ፔዳሉ የማያርፍ ቢስክሌት

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከሒሳብ ትምህርት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበና «መምህር፥ በእርስዎ ዓይነት ቢስክሌት ውቅሮ ደርሶ መመለስ ይቻላል?» ሲል ጠየቀኝ። «በእርስዎ ዓይነት» ያለው ለስድብ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ሆኖም ቢስክሌቴን የሚያውቅ ሁሉ ስለ እርስዋ ሲናገር ትንሽ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዛሬው ዐምዴ ለዚያ ልጅ የሰጠሁትን መልስ፥ ይልቁንም መልሱን ለማግኘት የከፈልሁትን ዋጋ አጫውታችኋለሁ።

በመጀመሪያ ቢስክሌቴን ላስተዋውቃችሁ። አካልዋ ያረጀ የእሽቅድምድም ቢስክሌት ነው። በጦርነቱ ጊዜ፥ ማለት ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፥ ቤንዚን ከመቀሌ ጠፍቶ ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል፥ ጸሐፊው ወደ ቢሮ፥ ነጋዴው ወደ ገበያ በቢስክሌት ይመላለስ በነበረበት ወራት የኋላ ማርሽዋ ተሰበረ። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የሰፈራችን ቢስክሌት ጠጋኝ ካለው ቁርጥራጭ ብረት መካከል ባለ 16 ጥርስ አንድ ነጠላ ማርሽ መረጠና ውስጡን በየደው፤ ከዚያም ከጎማው እምብርት ጋር አጥብቆ አሰረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፔዳልዋ ዕረፍት የለውም። ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግርም አብሮ ይዞራል። ሌላው ሰው በቁልቁለት እግሩን አሳርፎ ነፋስ ሲቀበል እኔ እንደ ስፌት መኪና እሽከረከራለሁ። ማዘግየት ስፈልግ ደግሞ ፔዳሉን በጉልበቴ ወደ ኋላ መቃወም አለብኝ።

ይህ የእኔ ችግር በሌላው ዓለም ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ነገር መሆኑን በኋላ ስሰማ በጣም ሣቅሁ። በክብ የእሽቅድምድም ሜዳ የሚወዳደሩት ሁሉ የሚጋልቡት እንዲህ ያለውን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቻለውን ያህል ርቀት የመሄድ ክብረ ወሰንም የሚሰበረው በዚሁ ነው። ኢጣልያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ በመስከረም 1949 ዓ.ም. ሚላኖ ላይ በአንድ ሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ከ394 ሜትር ሄደ። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሜልቦርን ኦሊምፒክ የጎዳናውን ውድድር አሸነፈ። ያ ውድድር ለእኛም የራሱ ታሪክ አለው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በዚያን ጊዜ ነበርና። ከባልዲኒ ጋር በአንድ መሥመር ከተሰለፉት መካከል የእኛው ገረመው ደንቦባ 188 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋልቦ 24ኛ ወጣ። አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት አስቀድሞ መሆኑን ልብ በሉ። ስለ አበበ የማያውቅ ተማሪ የለኝም፤ ስለ ገረመው የሚያውቅ ግን ከአንድ ክፍል ሁለት ቢገኝ ነው። ስለ ጽጋቡ ግርማይ ከሆነ መቀሌ ውስጥ ማንም ልጅ ያስተምራችኋል፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው፤ የተወለደውም እዚሁ መቀሌ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ውርደት ልመለስ። ሰላም ከወረደና መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ሐሳብ አደረብኝ፤ በዚህች ቢስክሌት አዲግራት ደርሼ በማግስቱ እመለሳለሁ አልሁ። መንገዱ ወደ አንድ ወገን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዴት እንዳሰብሁት ልንገራችሁ፤ ስሕተቱ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ከቤቴ ኩሓ ድረስ በአርባ ደቂቃ እወጣለሁ፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 120 ኪሎ ሜትር በስምንት ሰዓት ያልቃል። ይህን ሒሳብ ተማሪዬ ቢሠራልኝ ኖሮ በቀይ እስክርቢቶ እሰርዝበት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሣሁ። የኩሓ አቀበት ልማዴ ስለ ነበረ አላስቸገረኝም። ከኩሓ በኋላ በማይ መኽደን በኩል እስከ አጉላዕ መንገዱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሌሎች ይህን ቁልቁለት ይመርቁታል፤ እኔ ግን የጠላሁት ገና ያን ዕለት ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታ እግሬ መከተል ስላቃተው ክብደቴን ወደ ፊት እያደረግሁ፥ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ፥ የኋላውን ጎማ እያቆምሁ አስፋልቱ ላይ እጎትተው ነበር። ዘዴው ያስደስታል፤ ልጆችም ያጨበጭቡላችኋል። በሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውቅሮ ደረስሁ፤ ሻይና ዳቦ ቀመስሁ፤ «ይኸውልህ!» ብዬም ራሴን አመሰገንሁ።

ከውቅሮ በኋላ ግን ምድሩ ሌላ ነው። ውቅሮ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ነጋሽን፥ ፍረወይኒን እያሉ ወደ እዳጋ ሐሙስ ሲወጡ ከራስዋ ከአዲግራት የበለጠ ከፍታ ላይ ይደረሳል። አዲግራት ራስዋ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። የነጋሽን አቀበት ቆሜ ገፋሁት። ከዚያ በኋላ የግራ ጉልበቴ ውስጥ እንደ ጠጠር ያለ ነገር ተሰማኝ። ፍረወይኒ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ደግሞ የኋላ ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ።

በፍረወይኒ ያገኘሁት ጎሚስታ ጎማውን በእጁ እያዞረ ብዙ አየው። ዙሪያው ሁሉ ደኅና ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ፥ የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል ስፋት፥ ክሩ እስኪታይ ድረስ ተልጧል። «ይህ ጎማ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው እንዴ የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝና አፈርሁ። የፊቱ ማርሽ 48 ጥርስ፥ የኋላው 16 ጥርስ ነበረው። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ይሆናል፤ ቀሪ የለውም። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው በትክክል ሦስት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። እንግዲህ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ጎማውን ባቆምሁ ቁጥር መሬት የሚነካው ያው አንዱ ነጥብ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ለጎሚስታው አልነገርሁትም።

ወደ መቀሌ የተመለስሁት በጭነት መኪና ላይ፥ በሽንኩርት ጆንያዎች መካከል ተቀምጬ ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ይዤ ነበር፤ የማስተምርበት ክፍል ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ተማሪዎቼ ምን እንዳገኘኝ ሲጠይቁኝ «ብርድ ነው» እላቸው ነበር። ይህን ስጽፍ ውሸቴ እንደሚገለጥ ዐውቃለሁ።

በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ቁጭ ብዬ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። በ48 እና በ16 ጥርስ፥ የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ቢስክሌቷ 6 ሜትር ከ30 ትሄዳለች። ለሜዳ መንገድ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አቀበት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ስሄድ እግሬ በደቂቃ 26 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ይህ መጋለብ ሳይሆን በእያንዳንዱ እርግጫ ድንጋይ ማንሣት ነው፤ ድንጋዩንም የሚያነሣው ጉልበት ነው። ስለዚህ የፊቱን ወደ 44፥ የኋላውን ወደ 17 ጥርስ አስለወጥሁ። አሁን በአንድ ዙር የምሄደው 5 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 80 ጊዜ ሳዞር በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለእኔ ይበቃኛል። 44 እና 17 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ጎማው በ17 ልዩ ልዩ ቦታ ላይ ይፋቃል እንጂ በአንድ ቦታ አይላጥም። ክፍልፋይን ለምን እንማራለን ለሚሉኝ ተማሪዎች ከእንግዲህ የማሳያቸው ጎማ አለኝ።

ከዚህም ሁሉ በፊት የፊት ፍሬን አስገጠምሁ። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ የተበየደ ማርሽ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ያለ ፍሬን አትውጡ። ፔዳሉን ወደ ኋላ በተቃወማችሁት ቁጥር ማርሹ ከእምብርቱ ሊፈታ ይችላል። የተፈታ ዕለትም ቁልቁለቱ ላይ አህያ ወይም ሕፃን መንገዱን እያቋረጠ ይሆናል።

ስለ ዓላማ አወጣጥ ደግሞ ከፈረንሳዮች አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ የሚመለስ 1200 ኪሎ ሜትር የቢስክሌት ጉዞ አላቸው፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1891 እንደ እሽቅድምድም ተጀመረ። ዛሬ ማሸነፍ የለበትም፤ በ90 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ብቻ ነው። ለዚያ የሚዘጋጅ ሰው አስቀድሞ 200፥ 300፥ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ለመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር የተፈቀደው ጊዜ 13 ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚበላበትና የሚያርፍበት ሁሉ በውስጡ ተቈጥሮ! ሲካፈል በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ከአእምሮዬ ላይ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። እኔ በልቤ ስወዳደር የነበረው ከጽጋቡ ጋር ነበርና።

እንግዲህ ዓላማዬን በኪሎ ሜትር መለካት ትቼ ኮርቻ ላይ በምቀመጥበት ሰዓት ለካሁት። በኩሓ ሜዳ ላይ በአንድ ሰዓት ጀመርሁ፤ በየሳምንቱ ከአንድ አሥረኛ የበለጠ አልጨመርሁም፤ በየአራተኛው ሳምንት እቀንሳለሁ። መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ያለን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለ ሆነ ረጅሙን ለቅዳሜ አደረግሁት፤ እሑድ የዕረፍት ነው። ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው በአሸጎዳ 84 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት እንዲያው በከንቱ አይደለም፤ በእኛ አገር ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ሳይጠየቅ ከፊት ይመጣል። ስለዚህ ጉዞዬ በጠዋት የሚያልቅ ካልሆነ አልወጣም። ስንቄ በሶ ነው፤ በውሃ በጥብጬ ጨውና ስኳር እጨምርበታለሁ፤ በኪሴም ቆሎ አለ። በብር የሚሸጠውን የስፖርተኞች ብስኩት አንድ ጊዜ ቀምሼው ነበር፤ ከእናቴ በሶ የሚበልጥበትን ነገር አላገኘሁበትም።

የዚያ ተማሪ ነገር እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ልጁ መቀሌ በኪራይ ቤት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይኖራል፤ እናቱ ውቅሮ ናቸው። የአውቶቡሱ ገንዘብ ስለሚከብደው የሚያያቸው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ጥያቄው ለእርሱ የስፖርት ጥያቄ አልነበረም። እኔን አይቶ የራሱንም ማርሽ ሊያስበይድ አስቦ ኖሮ በቍጣ ከለከልሁት፤ «የኔ ከችግር የመጣ ነው፤ አንተ የሚያርፍ ፔዳል እያለህ ምን ቆርጦህ!» አልሁት። ከዚያም በወረቀት ላይ አብረን አሰላን። ውቅሮ ደርሶ መመለስ 90 ኪሎ ሜትር ነው። መሄጃው ዝቅ ይላል፤ መመለሻው ግን እስከ ኩሓ ድረስ ከ200 ሜትር በላይ መውጣት አለበት፤ ያውም በነፋስ። ስለዚህ ቅዳሜ ይሄዳል፥ እናቱ ዘንድ ያድራል፥ እሑድ ገና በማለዳ ይመለሳል። ለዚህም ሦስት ወር ልምምድ አስፈለገው። በጥር ወር አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄደ። ሰኞ ዕለት የቤት ሥራውን ሳይሠራ መጣ፤ ያን ቀን ብቻ አልተቈጣሁትም። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ይሄዳል።

እኔም በሚያዝያ አዲግራት ደረስሁ። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ፥ ውቅሮ ላይ ግማሽ ሰዓት፥ ፍረወይኒ ላይ አንድ ሰዓት ዐርፌ፥ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ገባሁ። ጎሚስታው አላስታወሰኝም፤ እኔም አላስታወስሁትም። አዲግራት ላይ ጥሕሎ በላሁ፤ ማታ ጉልበቴን እየነካሁ ስሕመሙን ስፈልግ አጣሁት። በማግስቱ ወደ መቀሌ የተመለስሁት በአውቶቡስ ነው፤ ቢስክሌቴም ጣሪያው ላይ ነበረች። በዕቅዴ ወረቀት ላይም እንዲሁ ተብሎ ተጽፎ ነበር።