ስለ ካንሰር ክትባት የሚወራውና ዛሬ በእጃችን ያለው

«የካንሰር ክትባት ተገኘ» የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? በሬዲዮ ይነገራል፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይወራል፤ በቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው ደግሞ ወሬውን ይዞ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ሐኪሙም «እዚህ የለም» ይለዋል። ሰውየው ታዲያ ወይ «ለድሃ አገር አይሰጡም» ብሎ ያዝናል፣ ወይ ሊደረግ የሚቻለውን ሕክምና ትቶ ያልመጣውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ይብሳል። ስለዚህ ዛሬ ከእነዚህ ክትባቶች ስለ አንዱ ዓይነት፣ ማለትም በዕጢ ሴሎች ላይ ያለውን ስኳር ዒላማ ስለሚያደርገው፣ የት እንደ ደረሰ በግልጽ እንነጋገር።

«ስኳር» ስንል ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ማለታችን አይደለም። (አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ታማሚውን ማርና ዳቦ መከልከል ይጀምራሉ። ሐኪም ካላዘዘ በቀር እባካችሁ ተዉ፤ ካንሰር የያዘው ሰው እንዳይከሳ መብላት አለበት።) እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል በላዩ ላይ በሰንሰለት የተያያዙ የስኳር ቅንጣቶችን ለብሷል። የደም ዓይነታችሁ «ኤ» ወይም «ቢ» የሚባለውም በዚህ ነው፤ በቀይ የደም ሴል ላይ ባለው ሰንሰለት ጫፍ የምትገኘው አንዲት ስኳር ትለያለች። የማይስማማው ደም የተሰጠው ሰው ለሞት የሚያደርስ ጉዳት የሚያገኘው ሰውነቱ ያቺን አንዲት ስኳር ባዕድ ናት ብሎ ስለሚነሣባት ነው።

ሰውነት እንዴት ይለያታል? ከደብረ ታቦር ብዙም የማትርቀውን ጋፋትን አስቡ። በ1850ዎቹ መጨረሻ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ባሰቡት መሠረት፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስቾና ማሠልጠኛ እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉ ወጣት ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ሊያስተምሩ ቢመጡም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ አስቀለጧቸው፤ «ሴባስቶፖል» የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። ሙከራቸው ወዲያው አልሰመረላቸውም። የማቅለጥ ሥራ የሚጀምረው ከቅርጹ ነው፤ የቀለጠው ማዕድን የቅርጹን ጎድጓዳ ተከትሎ ይረጋል። ሰውነታችንም ባዕድ የሆነ ነገር ሲያገኘው ከዚያ ነገር ቅርጽ ጋር የሚገጥም ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ክትባት ማለት ቅርጹን ከበሽታው በፊት ማሳየት ነው።

ይህን ነገር በካንሰር ላይ ሊሞክሩ ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጌኦርግ ስፕሪንገር የተባለ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. ጀርም በሌለበት ቤት ያደጉ ጫጩቶች በ«ቢ» ደም ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል እንደማያወጡ፣ እንደ ማንኛውም ዶሮ ከጀርም ጋር ያደጉት ግን እንደሚያወጡ አሳዩ። ምክንያቱ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ስኳር ለብሰው መገኘታቸው ነው። ስፕሪንገር ከዚህ ተነሥቶ ወደ ካንሰር ሄደ። በጤነኛ ሴል ላይ የስኳሩ ሰንሰለት ሙሉ ነው፤ በብዙ የካንሰር ሴሎች ላይ ግን ጥለቱ ሳያልቅ ከሽመናው እንደ ተቆረጠ ሸማ አጥሮ ይቀራል፣ ተሸፍኖ የነበረውም የውስጥ ስኳር ይገለጣል። «ቲ» እና «ቲኤን» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሚስቱ ሄዘር ብላይ የጡት ካንሰር ታማሚ ነበረች፤ የምርምር ቤተ ሙከራውም በስሟ ተሰይሟል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለጥቂት የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከእነዚህ ስኳሮች የተዘጋጀ ክትባት ሰጥቶ ተስፋ ሰጪ ውጤት እንዳየ ጽፏል፤ ነገር ግን ከጎናቸው ክትባቱን ያልወሰዱ ሌሎች ታማሚዎች ተመድበው ስላልተነጻጸሩ ነገሩ ማስረጃ ሊሆን አልቻለም።

አሁን እናቶች ልብ በሉ። በስኳር የሚሠራ ክትባት በልጆቻችሁ ጭን ላይ አስቀድሞ ተወግቷል። ሕፃን ልጅ ስኳሩ ብቻውን ቢሰጠው ሰውነቱ አይነቃም፤ ስኳሩን ከጠንካራ ፕሮቲን ጋር ቢያጣብቁት ግን ይነቃል። በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተጀመረው አምስት በአንድ ክትባት፣ ሂብ በተባለው የማጅራት ገትርና የሳምባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ላይ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጨመረው የሳምባ ምች ክትባትም፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 29 ዓመት ላሉት በዘመቻ የተሰጠው የማጅራት ገትር «ኤ» ክትባትም እንዲሁ። ደግሞ እዩ፣ በዚያው አምስት በአንድ ብልቃጥ ውስጥ የጉበት ቫይረስ «ቢ» ክትባት አለ፤ እርሱ በስኳር ሳይሆን በፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን ልጁን ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ከሚችል የጉበት ካንሰር ይጠብቀዋል። የስኳሩ ዘዴም ካንሰርን የመከላከሉ ነገርም በአንድ መርፌ ወደ ልጃችሁ ገብተዋል። ያልተቻለው ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው።

ሙከራ አልታጣም። ቴራቶፕ የተባለው ክትባት የካንሰሩን ስኳር ከባሕር ቀንድ አውጣ ከተገኘ ፕሮቲን ጋር ያጣመረ ነበር፤ ካንሰራቸው በተሰራጨ 1,028 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ሰውነታቸው ፀረ እንግዳ አካሉን በብዛት አወጣ። ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም፤ ይህም በ2003 እ.ኤ.አ. ተነገረ። «ጂኤም2» በተባለው ስኳር የተሠራው የቆዳ ካንሰር ክትባትም በአውሮፓ 1,314 ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ቆይቶ ጥቅም እንደሌለው በመታየቱ በ2007 እ.ኤ.አ. መሰጠቱ ተቋረጠ። ግሎቦ ኤች በተባለው ስኳር የተሠራው ደግሞ በ349 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም፣ በጠቅላላው ሲታይ የበሽታውን መባባስ አላዘገየም።

ለሂብ የሠራው ለካንሰር ለምን እምቢ አለ? ሂብ ከውጭ የመጣ ጠላት ነው፤ ካንሰር ግን ከራሳችን ሥጋ የወጣ ነው። የሚለብሰው ስኳር በጥቂቱም ቢሆን በጤነኛው አካላችን ላይ ስላለ ሰውነት «የራሴ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ቢነሣበትም ቁጣው ቶሎ ይበርዳል። በአንድ ዕጢ ውስጥ ያሉት ሴሎችም አንድ ዓይነት ልብስ አይለብሱም፤ ስኳሩን የለበሰው ሲመታ ያልለበሰው ይበዛል። ደግሞም ክትባት ጊዜ የሚፈልግ ሥልጠና ነው። ሙከራዎቹ ግን በአብዛኛው የተደረጉት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ፣ ሰውነትም ከደከመ በኋላ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ችግር ይህ የመጨረሻው ነው።

ይሁን እንጂ ዒላማው ሐሰት አልነበረም። ፀረ እንግዳ አካሉን ሰውነት እስኪሠራ ከመጠበቅ ውጭ ተሠርቶ በመርፌ ሲሰጥ፣ «ጂዲ2» የተባለውን ስኳር የሚይዘው መድኃኒት ኒውሮብላስቶማ በተባለ የሕፃናት ካንሰር ላይ ረድቶ በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጸድቋል። ምርምሩም አልቆመም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ለሁለተኛው ክትባት አለ፤ በስኳር ላይ የተመሠረተ አይደለም፣ በሽታውን በሚያመጣው ኤች ፒ ቪ በተባለው ቫይረስ ላይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሰጣጡ ከዚያ ወዲህ ስለተለዋወጠ ዕድሜውን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቁ። በአንዳንድ ምእመናን ቤት «ልጄ በጌታ ቤት ያደገች ናት፣ ምን ያደርግላታል?» ሲባል ይሰማል። ክትባቱ የሚሠራው ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘት በፊት ነውና በልጅነት መሰጠቱ ስለዚህ ነው። ንጹሕ ሆና የቆየች ልጅም የምታገባው ሰው ያለፈ ሕይወት በእርሷ እጅ አይደለም። ያመክናል የሚለውም ወሬ እውነት አይደለም።

ለባለትዳሮች ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሚስት በምርመራ ይህ ቫይረስ ወይም በሽታው ሲገኝባት፣ «ከማን አመጣሽው?» «አንተ ነህ ያመጣህብኝ» የሚል ጠብ ተነሥቶ የፈረሰ ትዳር አለ። ቫይረሱ በግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እጅግ የተለመደ ነው፤ በብዙዎች ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፣ በጥቂቶች ግን ያለ ምንም ምልክት ብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ወደ ካንሰር ለመለወጥም ዐሥርና ሃያ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ መገኘቱ ትናንት ስለ ሆነ ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። ወንድሜ፣ ሚስትህ ከሐኪም ስትመለስ ፊትህን አይታ ነው ሕክምናውን የምትቀጥለው ወይም የምትተወው።

ስለ ጸሎትም ልጻፍ፤ ዝም ብል ትታዘቡኛላችሁና። ፈዋሹ ጌታ መሆኑን እናምናለን፣ ለታመሙትም ዘይት ቀብተን እንጸልያለን። ግን በአንዳንድ የፈውስ ስብሰባ «ተፈውሰሻል፣ ሆስፒታል አትሂጂ» ሲባል ሰምተን ዝም ማለታችን ያሳዝናል። ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ይዛ አንድ ዓመት የቆየችው እኅት ስትመጣ፣ ያኔ በቢላ ሊወጣ ይችል የነበረው ተሰራጭቶ ይገኛል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታምሞ በጸለየ ጊዜ ፈውሱ ከተነገረው በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ማዘዙን በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ታገኛላችሁ፤ ሉቃስም ሐኪም ነበር። በእውነት የተፈወሰች እኅት ብትመረመር ምርመራው ምስክርነቷን ያጸናላታል እንጂ አያጠፋባትም።

ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ እኅቶች የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ አድርጉ። ምርመራው ኮምጣጤን የመሰለ ፈሳሽ የማኅፀን በር ላይ ቀብቶ ነጭ ምልክት መኖር አለመኖሩን ማየት ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ ቢላም መርፌም የለበትም። ቅድመ ካንሰር ከተገኘ በብዙ ቦታ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይታከማል። ከገጠር የምትመጡ ቀኑን ሙሉ ልትቆዩ ስለምትችሉ፣ በዚያ ቀን ከብቱን ማን እንደሚያግድና ልጆቹን ማን እንደሚያበላ ከባለቤታችሁ ጋር ዛሬ ማታ ተነጋገሩ።