ስለ ረግረጉ ዳያተሞችን እንጠይቅ

የፊዚክስ መምህር ስለ ረግረግና ስለ ዋቅላሚ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ የልኬት ጉዳይ ስለሆነ እኔንም ይመለከተኛል።

ዳያተሞች በውሃና በእርጥብ አፈር የሚኖሩ ባለአንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ናቸው። ገላቸውን የሚሸፍነው እንደ ሙዳይና ክዳኑ የሚገጣጠም የሲሊካ ቅርፊት ሲሆን፣ በላዩ ያለው ረቂቅ ጥልፍ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማይክሮስኮፕ ጥራት የሚፈተነው በዚሁ ጥልፍ ነበር።

እያንዳንዱ ዝርያ የሚስማማው የአሲድነት፣ የጨውነትና የንጥረ ምግብ መጠን አለው። አንዱ ንጹሕ ውሃ ሲመርጥ፣ ኒትዝሺያ ፓሊያን የመሰለው በፍሳሽ በተበከለ ውሃ ይበዛል። ስለዚህ ከድንጋይ ወይም ከቄጠማ ላይ የተፋቀን ናሙና በአሲድ አጥቦ ቅርፊቶቹን በየዝርያቸው መቁጠር የውሃውን ጠባይ እንደማንበብ ነው።

የፒኤች መለኪያ የሚነግረን ውሃ ውስጥ በገባበት ቅጽበት ያለውን ብቻ ነው። ፍሳሽ ሌሊት ተለቅቆ እኛ ከሰዓት በኋላ ብንለካ ምንም ላናገኝ እንችላለን። የዳያተሞች ስብስብ ግን ያለፉትን ሳምንታት ሁኔታ አጠራቅሞ ይጠብቀናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የቀበናና የአቃቂ ወንዞች ጥናት እንዳሳየው፣ ብክለቱ ከመክበዱ የተነሣ ትንንሽ የውሃ እንስሳት በጠፉበት ስፍራ እንኳ ዳያተሞች ምስክርነታቸውን አላቋረጡም።

ትዝታቸውም ረጅም ነው። ጣና ሐይቅ ከ15 ሺህ ዓመታት በፊት ደርቆ፣ ቀጥሎም የደንገል ረግረግ ሆኖ እንደነበር ካስረዱት ማስረጃዎች መካከል በወለሉ ደለል ውስጥ የተገኙት ዳያተሞች ይገኙበታል።

እርግጥ ነው፣ ዳያተሞች ብቻቸውን ዳኛ አይሆኑም። ብርሃን፣ ሙቀትና የውሃ ፍሰትም በስብጥራቸው ላይ ተጽእኖ አላቸው። ለአውሮፓ ወንዞች የተዘጋጀን መመዘኛም እንዳለ ወስዶ በእኛ ረግረግ ላይ መጫን፣ ዜሮው ያልተስተካከለ ሚዛን ይዞ ገበያ እንደመውጣት ነው። መመዘኛውን በራሳችን ውሃ ማስተካከል ይገባናል።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ በየዩኒቨርሲቲያችን አቅራቢያ ያለውን አንድ ረግረግ እንምረጥ። የፊዚክስ ተማሪ ማይክሮስኮፑን ያስተካክል፤ የኬሚስትሪ ተማሪ ውሃውን ይመርምር፤ የባዮሎጂ ተማሪ ዝርያዎቹን ይለይ። ውጤቱም በየዓመቱ ይመዝገብ። ረግረጉ ተንጣፍፎ ከታረሰ በኋላ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ብንጠየቅ፣ መልስ የሚኖረን ዛሬ ከመዘገብን ብቻ ነው።