ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን

ርዕሰ አንቀጽ

በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ከቦረና የወጡትን ፎቶግራፎች ማን ይረሳቸዋል? ቆዳቸው ከአጥንታቸው የተጣበቀ ላሞች በየሜዳው ረግፈው አየን። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በለንደን፣ በዱባይ ያለን ወገኖች ልባችን ተነካ፤ የአቅማችንን ያህልም አዋጣን። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ፎቶግራፉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ድርቁ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ቦረና በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዋናው «ገና» ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ «ሀገያ» ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከ2013ቱ ሀገያ እስከ 2015ቱ ሀገያ አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በአፍሪካ ቀንድ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ ነበር።

ድርቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ውሃ ያጣ ሣር የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ያለችውን እርጥበት ይቆጥባል። ቀዳዳው ሲዘጋ ግን ምግቡን የሚሠራበት አየርም ስለማይገባለት ሥሩ ላይ ካጠራቀመው ስንቅ ይበላል። የተራበ ከብት በዚህ ሰዓት ደጋግሞ ከጋጠው ስንቁ ያልቅና ሥሩ ይሞታል። የተራቆተው መሬት ዝናብ ቢያገኝ እንኳ ውሃው ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። ሥሩ ጠልቆ የሚሄደው እሾሃማ ቁጥቋጦ ግን የሣሩን ቦታ ይይዛል። ቦረናዎች ይህን ቁጥቋጦ ሜዳውን በየጊዜው በማቃጠል ይቆጣጠሩት ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ፤ ቁጥቋጦውም ግጦሹን እየዋጠ ሄደ። የአርብቶ አደሩን እውቀት መናቅ ያስከተለው ጉዳት እስከ ዛሬ አልሻረም።

ከሣሩ ቀጥሎ ተራው የከብቱ ነው። ላም መጀመሪያ ወተቷ ይነጥፋል፤ ስለዚህ የእረኛው ልጅ ከላሟ ሞት በፊት ይራባል። ከዚያ መፅነስ ታቆማለች፤ የራሷን ስብና ጡንቻ ትጨርሳለች፤ በመጨረሻ ከወደቀችበት መነሣት ያቅታታል። ቅጠል የሚቀነጥሱት ግመልና ፍየል ጥቂት ይቆያሉ። ድርቅ ቻይ በመሆኑ የታወቀው የቦረና ከብት ሳይቀር አለቀ። የተባበሩት መንግሥታት እንደገለጸው በኢትዮጵያ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ሞተዋል። የዱር አራዊቱም አልተረፉም። በጎረቤት ኬንያ በ2022 እ.ኤ.አ. በዘጠኝ ወር ውስጥ 205 ዝሆኖች ሲሞቱ፣ በእኛም አገር ከሚገኘው ብርቅዬ የግሬቪ የሜዳ አህያ 49 ሞተዋል።

ታዲያ መንግሥት በዚያን ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? በየካቲት 2015 ዓ.ም. የቦረና ከብት እየረገፈ ሳለ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመራችንን በሥነ ሥርዓት ያበስር ነበር። በመስከረም 1977 ደርግ ለአሥረኛ ዓመቱ ሲደግስ ሰሜኑ በረሃብ ያልቅ እንደነበር ያየ ትውልድ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ዝናብ ማስቀረት የማንም ባለሥልጣን ሥራ አይደለም። ሁለተኛው ወቅት ሲከሽፍ ከብቱ ሥጋ ሳይለየው በደህና ዋጋ መግዛት፣ ለዘር ለሚቀሩት ላሞች ድርቆሽና ውሃ ማድረስ፣ ቦረናዎች ለጥጃ የሚከልሉትን «ካሎ» ማስፋት ግን የመንግሥት ሥራ ነው።

እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። መጋቢት 2015 ላይ ዝናብ ሲመለስ ፎቶግራፉ ቀረ፤ መዋጮውም አብሮት ቀዘቀዘ። ጥጃ አድጋ እስክትወልድ ግን አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አርብቶ አደር አይሆንም። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ከአንድ ኩንታል እህል ይልቅ አንዲት ጊደር ነው።

ስለዚህ ውድ ወገኖቻችን፣ ወደ አገር ቤት ስንደውል «ሰላም ነው?» ብለን ብቻ አንዝጋ፤ «ዝናቡስ ጣለ? ሣሩስ?» እንበል። መልሱ «አልጣለም» ከሆነ መጮኽ የሚገባን ያኔ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።